ልጆች ሲጠይቁን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የ1933 ዓ.ም. ድል በሚታሰብበት በሚያዝያ 27 ቀን፣ አራት ኪሎ ካለው የድል ሐውልት ሥር የአበባ ጉንጉን ሲቀመጥ ያየ አንድ ሕፃን «መግደል ኃጢአት ነው ብላችሁ አስተምራችሁን የለምን? ታዲያ የተዋጉትን ስለ ምን እናከብራለን?» ሲል ጠየቀኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ኋላ ግን ኢያሱ ዮርዳኖስን ተሻግሮ ያቆማቸውን ዐሥራ ሁለት ድንጋዮች አሰብሁ። የቆሙት ልጆች ሲጠይቁ አባቶች እንዲመልሱላቸው ነው። እኔም መለስሁለት፦ የምናከብረው መግደልን ሳይሆን ስለ ሌላው ነፍስን መስጠትን ነው። አቡነ ጴጥሮስ ጠመንጃ አልያዙም፤ አርበኞችን አላወግዝም በማለታቸው ግን በሐምሌ 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጥይት ወደቁ።

እንግዲህ ሽማግሌ ዘማች ሲመጣ ተነሥተን ቦታ እንልቀቅ። ሕፃን ከቃላችን ይልቅ ይህን ያያልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።