ቃርሚያ

አንድ ሽማግሌ አዲስ አበባ፣ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይተው ቅዳሜና እሑድ ልጆች ያስተምሩ ነበር አሉ። ከጎንደር የመጡ ቤተ እስራኤል ናቸው። ቅዳሜ ሰንበት ነውና አይጻፍም፣ እሳትም አይነካም፤ ትምህርቱ በቃል ነው፣ ዳቦውም ዓርብ የተጋገረ። እሑድ ደብተር ይወጣና የዕብራይስጥ ፊደል ይቆጠራል።

ወላጆቹ ወደ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት የጠበቁ ናቸው። በግንቦት 1983 ዓ.ም. በሰሎሞን ዘመቻ ከ14 ሺህ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ከአዲስ አበባ ሲጓጓዝ፣ «አያቶቻችሁ ክርስትና ተነሥተዋል» ተብለው የቀሩት ቤተሰቦች ናቸው። ከዚያ ወዲህ በየቢሮው የሚጠየቁት ያው ነው፤ እናትህ ማን ናት፣ የእናትህስ እናት?

አንድ ቅዳሜ አንድ ልጅ ደጃፉ ላይ ቆመ። የአትክልት ተራ ገበያ ከፒያሳ ተነሥቶ፣ ጃንሜዳ ከርሞ እዚህ ከመጣ ወዲህ እንዲህ ያሉ ልጆች ሞልተዋል፤ አይሱዙ ሲራገፍ ከጆንያ ያመለጠውን ሽንኩርት በፌስታል ይለቅማሉ። ሽማግሌው «ግባ» አሉት፤ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። በሳምንቱም መጣ። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ አባት ተቆጣ።

«አባባ፣ ይህ ልጅ ዘሩ ከማን ነው? አያቶቻችን ባዕድ ሲነካቸው ወንዝ ወርደው ይታጠቡ አልነበር? እኛ ዘር ስንቆጥር አረጀን፤ ደግሞ በዚህ ልጅ ሰበብ ሌላ ጣጣ ይምጣብን?»

በፋይል የተመረረ ሰው ነውና ሥጋቱ አይናቅም። ሽማግሌው ግን ወደ ልጆቹ ዞሩ።

«ኦሪት ስንት መጽሐፍ ነው?»

«ስምንት!»

«የመጨረሻውስ?»

«ሩት!»

«በል ቁጭ በል ልጄ፤ ዛሬ የምንማረው እሷን ነው» አሉት አባትየውን።

ሞዓባዊቷ ሩት አማቷን ኑኃሚንን ተከትላ ቤተልሔም እንደገባች፣ ከአጫጆች ኋላ እየሄደች ገብስ እንደቃረመች፣ ባለ እርሻው ቦዔዝም ሆን ብላችሁ ጣሉላት ብሎ አጫጆቹን እንዳዘዘ ተረኩላቸው። ከዚያም «ከእናንተ ቃርሞ የሚያውቅ አለ?» ብለው ጠየቁ።

አዲስ አበባ የተወለዱት ልጆች ተያዩ። በሩ አጠገብ የተቀመጠው እጁን አወጣ።

«እኔ። ከመኪናው ሥር ነው የሚለቀመው፤ ቀድመህ ከገባህ ግን ጫኝና አውራጆቹ ይመቱሃል። አንድ ሰውዬ ብቻ እኔን ሲያይ ጆንያውን ያዘነብለዋል።»

«ቦዔዝ ነዋ!» አለች የአባትየው ልጅ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

ሽማግሌው ስቀው እስኪጨርሱ ጠብቀው ቀጠሉ። ሩት ለቦዔዝ ኢዮቤድን ወለደች፤ ኢዮቤድ እሴይን፣ እሴይም ዳዊትን። መጽሐፉ የሚያልቀው በዚሁ የዘር ቆጠራ ነውና እሳቸውም እዚያው ላይ አበቁ።

አባትየው ጉሮሮውን ጠራረገና ልጁን «እናትህ እዚህ እንዳለህ ታውቃለች?» አለው።

«አታውቅም። ቲማቲም እየመረጠች ነው።»

«ስንጨርስ አብረን ሄደን እንነግራታለን። ለነገው ፊደል ደብተር ያስፈልግሃል።»