ትምህርት ቤትን ማን ይጠብቀው?

ሰው ልጁን ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ሲልክ ሁለት አደራ ይሰጣል፤ አንደኛው የልጁ ሕይወት፣ ሁለተኛው የልጁ ጠባይ ነው። እነዚህ ሁለት አደራዎች በአንድ ጠባቂ እጅ ሊጠበቁ ይችላሉን? ፖሊስ በትምህርት ቤት ቅጥር ውስጥ ይቁም ወይስ አይቁም የሚለው ክርክር በመሠረቱ ይኸው ጥያቄ ነው።

በአገራችን ስለዚህ ነገር ሁለት የማይመሳሰሉ ጩኸቶች ተሰምተዋል። በሚያዝያ ወር 1993 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታጠቀ ፖሊስ ከግቢያቸው እንዲወጣ ጠየቁ፤ ነገሩም ወደ ሁከት ተለውጦ በከተማው ብዙ ሰው ሞተ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ተገድለው ሁከቱ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች በተዛመተ ጊዜ፣ ልጆቻቸውን ሩቅ የላኩ ወላጆች በጭንቀት ሰነበቱ፤ የፌዴራል ፖሊስም ወደ ግቢዎቹ ገባ። የፊተኞቹ ጠባቂውን ፈሩ፤ የኋለኞቹ ጠባቂ ማጣትን ፈሩ። እኛ ሁለቱም ፍርሃት እውነተኛ ነው እንላለን።

ሁለቱ ፍርሃቶች በስምጥ ሸለቆ ከተሞች በአንድ ቤት ውስጥ ይገናኛሉ። አዳማ፣ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ በአውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆሩ ናቸው፤ መንገደኛው ብዙ ነው፤ ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው ያለ ወላጅ የሚማሩ ልጆችም አሉባቸው። እንዲህ ባለ ከተማ ከትምህርት ቤት አጥር ሥር ሺሻ ቤት ሲከፈት ያየች እናት ፖሊስ ይምጣልን ብትል አይፈረድባትም። ነገር ግን በ2008 ዓ.ም. በኦሮሚያ ተቃውሞ በተነሣ ጊዜ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ ተማሪዎችም ታስረዋል። ያን ያየ ተማሪ ዛሬ ራሱ መምህር ለመሆን ደርሷል፤ መለዮ ሲያይ ልቡ ቢደነግጥ በእርሱም አይፈረድበትም።

እንግዲህ የጠባቂን ኃይልና የኃይሉን ወሰን እንመርምር። በጥቅምት ወር 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ውስጥ በጥብቅ ጥበቃ ተሰጠ። ከተፈታኞቹም ከመቶ 50ና ከዚያ በላይ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ፖሊስ የፈተናውን ወረቀት ሊጠብቅ ቻለ፤ በ12 ዓመት ውስጥ ያልተማሩትን ግን ሊያስተምር አልቻለም። ዘበኛ የጎደለውን ይገልጣል እንጂ አይሞላም።

በጠባይም እንዲሁ ነው። የጠባቂው ዓይን ዞር ሲል አብሮ የሚዞር ጨዋነት ገና ጨዋነት አይባልም። በአብነት ትምህርት ቤት ከየኔታ በታች የበሰለው ተማሪ ጀማሪውን ያስጠናው፣ ይቆጣጠረውም ነበር። አለንጋ አልነበረም አንልም፤ ነገር ግን ዳኝነቱ ልጁን በቅርብ በሚያውቀው ሰው እጅ ነበረ። ፖሊስ ልጁን የሚያውቀው ከጥፋቱ በኋላ ነው፤ መምህር ግን ከጥፋቱ በፊት ያውቀዋል።

«ጥሪው ሳይደርስ ልጅ ቢሞትስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ከባድ ነው፤ በቀላል ቃል ሊታለፍም አይገባም። ስለዚህ ፖሊስ ከትምህርት ቤት ይራቅ አንልም። ከበሩ ውጭ በቅርብ ይቁም፤ መንገዱንና አካባቢውን ይጠብቅ። ደም ሊፈስ በሆነ ጊዜ፣ የጦር መሣሪያም በተገኘ ጊዜ በሩ ይከፈትለት፤ ሥራውን ሲጨርስ ይውጣ። ልጅ ቢያረፍድ፣ ቢሳደብ፣ ከጓደኛው ጋር ቢጣላ ግን ጉዳዩ የመምህርና የወላጅ ነው። ይህን ሁሉ ለታጠቀ ሰው የሰጠን እንደ ሆነ፣ ልጆቻችን በደል ማለት በፖሊስ መያዝ ብቻ እንደ ሆነ ይማራሉ፤ ያልተያዘም ንጹሕ ነኝ ይላል።

የዚህ ምክር ዕዳ በእኛ በወላጆች ላይ ይወድቃል። ጠብ ከመነሣቱ በፊት ብዙ ጊዜ ወሬው በተማሪዎች መካከል ይሰማል፤ የሚሰማውም ልጆቹ የሚያምኑት ሰው ሲኖር ነው። የትምህርት ቤቱን በር የምናውቀው ልጃችን በተከሰሰ ዕለት ብቻ ከሆነ፣ ባዶ የተውነውን ስፍራ ጠመንጃ ሲይዘው ልንደነቅ አይገባንም። እንግዲህ ፖሊስ ይግባ ወይም ይውጣ ከማለታችን በፊት እኛ አስቀድመን እንግባ።