ውስጡን ለቄስ

በአገራችን አንድ ነገር ላዩ አምሮ ውስጡ ሲያጠራጥር «ውስጡን ለቄስ» ይባላል። ቃሉ ስለ ሰው የተነገረ ነው፤ ዳሩ ግን በእጃቸው ለሚሠሩ ሁሉ፥ ይልቁንም ለኤሌክትሪክ መሣሪያ ሣጥን ለሚሠሩ፥ የሚስማማ ሆኖ ይገኛል። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ሠሪ የማይታየውን የሥራውን ክፍል አሳምሮ ይሠራ ዘንድ የሚገደደው ስለ ማን ብሎ ነው?

በቤቱ አምፕሊፋየር ወይም የፀሓይ ኃይል መቆጣጠሪያ የሚገጣጥም ሰው፥ የውስጡን ሥራ ከፈጸመ በኋላ ላሜራ ቈርጦ፥ በትራፓኖ በስቶ፥ በሞረድ አለስልሶ፥ ቀለም ቀብቶ ሣጥን ያበጅለታል። ለዚህም በዓለም የታወቀ ልክ አለ፤ ቴሌፎን ቤቶች ሲጠቀሙበት የኖረው የብረት መደርደሪያ የፊቱ ገበታ ስፋት 482.6 ሚሊሜትር ነው፤ ከፍታውም በ44.45 ሚሊሜትር እርከን ይቈጠራል። ይህን ልክ የጠበቀ ዕቃ በየትም አገር ቢሠራ በየትኛውም መደርደሪያ ይገባል።

የእኛ አባቶች ደግሞ ሌላ ልማድ ነበራቸው። ለብራና መጽሐፍ ማኅደር ሲሰፉለት ቆዳውን በዚያው መጽሐፍ ልክ ይቈርጡ ነበር እንጂ መጽሐፉን ለማኅደሩ አያበጁም ነበር። ማኅደር ማለት ማደሪያ ነውና፥ ማደሪያ ለሚያድርበት ይሠራል። እንግዲህ ከሁለቱ የትኛው ይሻላል? መልሱን ለማግኘት አስቀድመን ሣጥኑ ምን እንደሚያድርበት ማወቅ ይገባናል።

ስለዚህ ወደ ምዕራብ ጎንደር ቆላ እንውረድ። አፄ ዮሐንስ 4ኛ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. የወደቁባት መተማ ሰሊጥና ጥጥ የሚበቅልባት፥ በበጋ መጨረሻም ሙቀቷ ከ40 ዲግሪ የሚያልፍ አገር ናት። በእንዲህ ያለ ቦታ ሣጥኑን ቢዘጉት ሙቀት ያፍነዋል፤ ቢከፍቱት አቧራ ይሞላዋል። በውስጡ ፈሳሽ ያለበት ካፓሲተር ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል እንደሚያጥር በሙያው የታወቀ ግምት አለ። በደጋ ለብዙ ዓመት የሚያገለግል ሣጥን ልኩ ሳይጓደል በቆላ ፈጥኖ ሊበላሽ የሚችለው ስለዚህ ነው። አስተዋይ ሠሪ ግን የሞቀ አየር ወደ ላይ እንደሚወጣ ያውቃልና ከታች ማስገቢያ፥ ከላይ ማስወጫ ይበሳል፤ በታችኛውም ላይ የሚታጠብ ማጣሪያ ያደርጋል። ባትሪውንም ሲሞላ የሚቀጣጠል ጋዝ የሚያወጣ ዐይነት እንደ ሆነ፥ የእሳት ብልጭታ ከሚፈጥር ማብሪያ ለይቶ ነፋስ በሚያገኘው ስፍራ ያኖረዋል። ጨርሶ መዝጋት ስንፍና ነው፤ ጨርሶ መክፈትም ስንፍና ነው፤ ጥበብ በሁለቱ መካከል በድካም ይገኛል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን አንዲት አረንጓዴና ቢጫ ሽቦ ናት። የብረት ሣጥን ከመሬት መስመር ጋር መያያዝ አለበት። በውስጡ ያለው ሽቦ ልብሱ ተልጦ ብረቱን የነካ እንደ ሆነ፥ ይህች ሽቦ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት ትወስደዋለች፤ መስመሩም በአግባቡ የተሠራ ከሆነ ፊውዙ ተቃጥሎ ኀይሉ ይቋረጣል። ሽቦይቱ ከሌለች ግን 220 ቮልት በተዋበው ሣጥን ገጽ ላይ ሆኖ የሚነካውን እጅ ይጠብቃል። ሽቦይቱ ኖራ እንኳ ብሎኑ የታሰረው በቀለም ላይ ከሆነ እንደሌለች ትቈጠራለች፤ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍምና። ስለዚህ ሠሪው ያን ያማረ ቀለም ብሎኑ በሚያርፍበት ስፍራ እስከ ብረቱ ድረስ መፋቅ አለበት። ለዐይን ያማረውን ለሕይወት ሲል ያበላሻል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ድኻው ባለሙያ የሚናገረው አለ፤ ቃሉም የሚናቅ አይደለም። «ገዢው የሚከፍለኝ ለሚያየው ነው፤ ለሽቦውና ለማጣሪያው የማጠፋውን ሰዓት ማንም አይቈጥርልኝም፤ ልጆቼስ ምን ይብሉ?» ይላል። እውነት ነው፤ ውብ ገጽን ብቻ የሚገዛ ሕዝብ ውብ ገጽን ብቻ የሚሠሩ ሰዎችን ያፈራል። በደሉም በከፊል የገዢው ነው። ነገር ግን ገዢው ባለማወቁ ዝም አለ እንጂ አደጋውን ወድዶ አልተቀበለም። ደግሞም ሣጥኑን የሚነካው ገዢው ብቻ አይደለም፤ ሕፃኑም እንግዳውም ይነኩታል። እነርሱ በዋጋው ክርክር አልነበሩበትም፤ የሌላ ሰው ሕይወት ደግሞ በዋጋ ቅናሽ የሚገባ ዕቃ አይደለም። ባለሙያው ማስቀረት ካለበት ቀለሙን ያስቀር፤ ጌጡን ያስቀር፤ ሽቦይቱን አያስቀር።

ሌላም ባለ ዕዳ አለ፤ እርሱም ወደ ፊት ሣጥኑን ከፍቶ የሚጠግነው የማይታወቅ ሰው ነው። መተማ የድንበር በር ናት፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሰዎች የቻሉትን ይዘው በዚያ በኩል ገብተዋል። በእንዲህ ያለ መንገድ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፤ ሠሪው ግን አብሮ አይሄድም። የታወቀውን ልክ መጠበቅ፥ የሽቦዎቹን ንድፍ በክዳኑ ውስጥ መለጠፍ፥ የፊውዙን መጠን መጻፍ፥ ለማያውቁት ሰው የተላከ ሰላምታ ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ የማኅደሩ ልማድና የመደርደሪያው ልክ አይጣሉም። ውጭው ሌላው ሰው እንዲያውቀው በጋራው ልክ፥ ውስጡ ደግሞ ለሚያድርበት ነገርና ለሚቀመጥበት አገር እንዲስማማ ይሠራ። ሥራን ሁሉ ሠሪው ሳይኖር የሚከፍተው እጅ አለና፥ ያ እጅ ሲከፍተው እንዳያፍርበት፥ ይልቁንም እንዳይሞትበት ሆኖ የተሠራ ሣጥን ውስጡን ለቄስ አይባልም።