የወደቀ ዛፍና የተቆረጠ እንሰት

«በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ይላል አማርኛው። ተረቱን ያወጣው ሰው ጥድና ወይራ ሲገነደስ እያየ ያደገ ይመስለኛል። ዛፉ ቆሞ ሳለ ሁሉም በጥላው ያርፋል። በወደቀ ማግስት ግን ከሥሩ ተቀምጦ የነበረው ሁሉ ምሳሩን ስሎ ይመጣል፤ አንዱ ለማገዶ፣ አንዱ ለአጥር። ስለ ዛፍ የተነገረ ይምሰል እንጂ የሚያማው ባለምሳሮቹን ነው።

እኔም ከባለምሳሮቹ አንዱ ነበርኩ። ጥር 2015 የ2014 ትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ወልቂጤ እህቴ ቤት ነበርኩ። ተማሪዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተፈተኑበት ዓመት ነው። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋው ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶው ብቻ ሆነ። የእህቴ ልጅ ከቀሩት ነው። ስልኩን በግንባሩ ደፍቶ ግድግዳ ግድግዳውን ያያል። ጎረቤት ገባና «ድሮስ!» አለ። ሌላው «ሲያነብ መቼ አየነው?» አለ። እኔ ደግሞ ድምፄን አለስልሼ የባሰውን ተናገርኩ፦ «ግድ የለህም፣ መርካቶ ሱቅ እንፈልግልሃለን።»

ቀልድ መሆኑ ነበር። ልጁ አልሳቀም፤ ቀልዱም ሲያስቡት የእኛኑ አባቶች የሚሰድብ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ላይ ማኅበር አቋቁመው፣ ገንዘብ አዋጥተው ለጉራጌ መንገድ ያስጠረጉት እኮ ብዙዎቹ የትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጡ ነጋዴዎች ናቸው።

በማግስቱ ልጁን ይዤ ጉብሬ አካባቢ ወዳለው አጎቴ ዘንድ ሄድኩ። አጎቴ ጓሮ ነበር፤ እንሰት ያራባል። ጥር ወሩ ነው። ገና ያልጎለመሰ እንሰት ከነሥሩ ነቅሎ ግንዱን ከላይ ቆረጠው። አሚቾው፣ የሥሩ ጉማጅ፣ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ ቢላውን በመሃል ሰደደና ነጩን እምቡጥ ጎርጉሮ አወጣው፤ ጉድጓዱን አፈር ሞላበት፣ ከፋንድያ ጋር ቀበረው። ምሳር የበዛበት ማለት ይኸ ነው! ነገር ግን ዝናብ ሲያገኝ ከዚያ ከተቀበረው ጉማጅ ዙሪያ አርባም ሃምሳም፣ አንዳንዴ ከመቶ በላይ ቡቃያ ይወጣል።

«ልቡን ለምን ያወጡታል?» አልኩት።

«ካልወጣማ እሱው ብቻውን ያድጋላ! ያው አንድ እንሰት ነው የሚሆነው።»

ተረታችን ይህን አያውቅም። የወደቀ ሁሉ እንጨት ነው ብሎ ይነሳል። እርግጥ ጥድ ከተቆረጠ አያቆጠቁጥም፤ ተረቱ ለጥድ እውነት ነው። እንሰቱም ቢሆን ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ቢጣል ይደርቃል። የሚያተርፈው ቆራጩ ራሱ ቀባሪ፣ ቀባሪው ራሱ ጠባቂ መሆኑ ነው። እኛ ቤት የገቡት ግን ቆርጠው ወጡ። እኔም ጭምር።

ስለ እንሰቱ ልብ ብዙ አሰብኩ። ልጆቻችን ውስጥ አንዲት ወደ ላይ የምታድግ እምቡጥ ተክለናል፤ ስሟ ዩኒቨርሲቲ ነው። እሷ ስትቀጠፍ ልጁ ያለቀለት ይመስለዋል፣ እኛም ይመስለናል። ጎን ለጎን ሊወጣ የሚችለውን ማን ፈልጎ ያውቃል? ልጁስ ራሱን የሚመረምርበት ምን ተሰጠው? ቁጥር ብቻ። ስንት እንዳመጣ ይነገረዋል፤ የቱ ጋ እንደሳተ ግን አይነገረውም፣ ወረቀቱ አይመለስለትም።

ቡታጅራ የማውቀው አንድ የፊዚክስ መምህር ይህን ክፍተት በራሱ መንገድ ይሞላል። ተማሪ ሲሳሳት መልሱን አያርምም፤ «ስትሠሪው ምን ብለሽ አስበሽ ነበር?» ይላል። አንድ ቀን ክፍሉ ኋላ ተቀምጬ ሰማሁ። ልጅቷ ጥቁር ሰሌዳው አጠገብ ጠመኔውን እያሻሸች ቆየችና «ጥያቄው አልገባኝም» አለች። በአማርኛ ሲነግራት በሁለት መስመር ሠራችው። ፊዚክሱን ታውቃለች፤ ያቃታት የጥያቄው እንግሊዝኛ ነው። እሱንም ያወቀችው ያኔ ነው፤ ፊቷ ላይ ያየሁት እፍረት ሳይሆን እፎይታ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ ጊዜ ይበላል፣ 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አይዘለቅም ይሉኛል። እውነት ነው፣ መምህሩም በሳምንት ከሁለት ሦስት ልጅ በላይ አይደርስም።

አገር አቀፉ የማለፍ መጠን በ2015ቱ ፈተና ወደ 3.2 ወረደ፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ ሆነ። በየዓመቱ ምሳር የሚያነሳ አይጠፋም።

የእህቴን ልጅ ይቅርታ አልጠየቅሁትም። አሁን ቴክኒክና ሙያ ገብቶ የኤሌክትሪክ ዝርጋታ ይማራል፤ ማታ ማታ ለግል ተፈታኝነት ያጠናል። ባለፈው መስቀል ልጁ ወደ አጎቴ ጓሮ ወሰደኝ። በመስመር የቆሙ ወገቤ ድረስ የሚደርሱ እንሰቶች አሳየኝ። የዚያ ቀኑ ናቸው።

«መቼ ይደርሳሉ?» አልኩት።

«ገና ናቸው፤ አንዴ መዛወር ይቀራቸዋል» አለና ጎንበስ ብሎ የደረቀ ቅጠል ቆረጠ።