ትምህርትን አቋርጦ ለሀብት መውጣት ይገባልን?

በስደት በምንኖርባት በአሜሪካ አገር የሚያድጉ ልጆቻችን ከሚወዷቸው ጨዋታዎች አንዱ የቅርጫት ኳስ መሆኑ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ከእነርሱም መካከል ቁመቱ የረዘመለት፣ እጁም የሰላለት ልጅ ሲገኝ ወላጆቹ «ይህ ልጅ ወዴት ይደርስ ይሆን?» ብለው በልባቸው ማሰባቸው አይቀርም። ስለዚህ በዚህ እትም አንድ ጥያቄ አንሥተን ከአንባብያን ጋር ልንመክርበት ወደድን። ይኸውም ገና የኮሌጅ ተማሪ ሳለ የታላላቅ ክለቦች ዓይን ያረፈበት ወጣት ትምህርቱን አቋርጦ ወደ ገንዘቡ ይሂድን? ወይስ የጀመረውን ይፈጽም? የሚለው ነው። ጥያቄው ለስፖርት ጋዜጠኞች ብቻ የተተወ ይመስላል፤ ነገር ግን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው ስለ ቃል ኪዳን፣ ስለ ድህነትና ስለ ትምህርት ትርጉም የሚጠይቅ የግብረ ገብ ጥያቄ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ነገሩን በውል ለመረዳት በመጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በከፍተኛው ደረጃ የሚወዳደሩ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች ከ360 ይበልጣሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ13 እስከ 15 የሚሆኑ ተጫዋቾች ይይዛሉና በጠቅላላው 5,000 ያህል ወጣቶች በአንድ ዓመት ይሰለፋሉ ማለት ነው። ኤን.ቢ.ኤ. የተባለው የደመወዝተኞች ሊግ ግን 30 ክለቦች ብቻ አሉት፤ በየዓመቱ በሚደረገው የአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫም ቢበዛ 60 ሰዎች ይመረጣሉ። ከእነዚህም ውስጥ ከአውሮፓ፣ ከአፍሪካና ከአውስትራሊያ የሚመጡ አሉበት። በመጀመሪያው ዙር ለሚመረጡት ለ30ዎቹ የሁለት ዓመት ደመወዛቸው በውል የተረጋገጠ ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ዓመት በክለቡ ፈቃድ ይወሰናል። በሁለተኛው ዙር ለሚመረጡት ግን ደንቡ እንዲህ ያለ ዋስትና አይሰጥም። ጨርሶ ሳይመረጥ ቀርቶ ወደ ታችኛው ሊግ የሚገባውም መደበኛ ደመወዙ በዓመት ከ50,000 ዶላር በታች ነው። እንግዲህ በ30ኛውና በ31ኛው ተመራጭ መካከል ያለው ልዩነት በሜዳ ላይ አንድ ስንዝር አይሞላም፤ በኑሮ ላይ ግን የቤትና የሜዳ ያህል ይራራቃል። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለው የአባቶች ተረት ለብዙዎቹ የተነገረ ይመስላል።

አሁን ሁለት ሰዎችን በምሳሌነት እናንሣ። የመጀመሪያው ቲም ዳንከን ነው። ይህ ሰው በካሪቢያን ባሕር ባለችው በሴንት ክሮይ ደሴት ያደገ፣ አስቀድሞም ዋናተኛ የነበረ ልጅ ነው። በ1989 ሁጎ የተባለው ዐውሎ ነፋስ የደሴቲቱን ትልቅ የመዋኛ ገንዳ አፈራረሰው፤ በሚቀጥለው ዓመት 14ኛ የልደት ቀኑ ሊከበር አንድ ቀን ሲቀረው እናቱ በጡት ነቀርሳ ዐረፉ። ከመሞታቸውም በፊት ልጆቻቸው ኮሌጅ እንዲጨርሱ ቃል አስገብተዋቸው ነበር። ዳንከን በዌክ ፎረስት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመቱን በፈጸመበት በ1995 ቀድመው ከሚመረጡት ጥቂቶች አንዱ ሊሆን እንደሚችል የሙያው ሰዎች ይናገሩ ነበር። በዚያው ዓመት ኬቪን ጋርኔት፣ በማግሥቱ ዓመት ደግሞ ኮቢ ብራያንት ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ ሊጉ ገቡ። ዳንከን ግን አራቱን ዓመት ፈጽሞ በ1997 በሥነ ልቡና ትምህርት ተመረቀ። በዚያው ዓመት በምርጫው አንደኛ ሆኖ ወደ ሳን አንቶኒዮ ክለብ ገባ፤ እስከ 2016 ድረስ 19 የውድድር ዘመን ተጫውቶ አምስት ጊዜ የሻምፒዮንነት ባለቤት ሆነ።

ይህን ታሪክ የሚተርኩ ብዙዎች «አያችሁ፤ ታገሠና አገኘ» ብለው ይደመድማሉ። እኛ ግን ድምዳሜው ጥድፊያ የበዛበት ነው እንላለን። ዳንከን በ1996 ጉልበቱ ተሰብሮ ሜዳ ሳይመለስ ቀርቶ ቢሆን ኖሮ፣ ቃሉን መጠበቁ ስሕተት ሆኖ ይቈጠር ነበርን? አይቈጠርም። ዋንጫው ለእናቱ የሰጠውን ቃል የበለጠ መልካም አላደረገውም፤ ስብራቱም ቢመጣ መልካምነቱን ባልቀነሰው ነበር። ብልኅነትና ታማኝነት ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸውና። ብልኅነት ነገ የሚመጣውን ይገምታል፤ ሊሳሳትም ይችላል። ታማኝነት ግን ትናንት የተሰጠውን ቃል ይመለከታል፤ ዋጋውም በውጤት አይመዘንም። ወጣቱን «ብትታገሥ የበለጠ ገንዘብ ታገኛለህ» ብለን የምንመክረው ከሆነ ምክራችን ከወኪሉ ምክር የሚለየው በጊዜ ቀጠሮው ብቻ ይሆናል።

ሁለተኛው ሰው ስፔንሰር ሄይውድ ነው። ሄይውድ በሚሲሲፒ፣ ጥጥ በመልቀም ከሚተዳደሩ እናት ከተወለዱ አሥር ልጆች አንዱ ነበር። የእኛው ማሞ ወልዴ የማራቶንን ወርቅ ባገኘበት በ1968 የሜክሲኮ ኦሊምፒክ፣ የ19 ዓመቱ ሄይውድም ከአሜሪካ ቡድን ጋር የወርቅ ሜዳይ ተሸለመ። ከዚያ በኋላ በዲትሮይት ዩኒቨርሲቲ አንድ የውድድር ዘመን ተጫወተና በ1969 በጊዜው ተቀናቃኝ ወደነበረው ሊግ ሄደ። ቀጥሎም ወደ ሲያትል ክለብ ሲዛወር የኤን.ቢ.ኤ. ደንብ ከለከለው። ደንቡ ማንም ተጫዋች ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰ አራት ዓመት ሳይሞላው ወደ ሊጉ እንዳይገባ የሚያዝ ነበር። ሄይውድ በፍርድ ቤት ተከራከረ፤ ነገሩም በ1971 እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ መጫወቱን እንዲቀጥል ተፈቀደለት። ሊጉም ደንቡን አላልቶ በችግር ላይ ላሉ ወጣቶች በር ከፈተ። ሄይውድ በኋላ ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ጋር ብዙ ታግሎ እንዳሸነፈ ራሱ ተናግሯል፤ በ2015ም ስሙ በቅርጫት ኳስ የክብር መዝገብ ሰፈረ።

እንግዲህ ይህን ሰው «ትምህርት የናቀ» ብለን ልንወቅሰው ይቻለናልን? እናቱ በጥጥ ማሳ ጎንበስ ብለው ሲውሉ ልጃቸው የአራት ዓመት ኮርስ እንዲቈጥር የሚያስገድደው የግብረ ገብ ሕግ ከወዴት ይመጣል? ደግሞም ያ ደንብ ለትምህርት ተቈርቋሪ በሆኑ ሰዎች ልብ ብቻ የወጣ ነው ለማለት ያስቸግራል። ክለቦቹ በሌላ ወጪ የሠለጠነ ተጫዋች ያገኙበት ነበር፤ ኮሌጆቹም ደመወዝ ሳይከፍሉ አዳራሻቸውን በተመልካች ይሞሉበት ነበር። ከ2006 ምርጫ ጀምሮ ደግሞ ተመራጩ ዕድሜው 19 የሞላ፣ ሁለተኛ ደረጃንም ከጨረሰ አንድ ዓመት ያለፈው እንዲሆን ተደነገገ። በዚህም ምክንያት አንድ ዓመት ብቻ በኮሌጅ ተቀምጠው የሚሄዱ ብዙዎች ሆኑ። በግዴታ የተቀመጠ ሰው ተቀመጠ እንጂ ተማረ አይባልም።

አንባቢ «ታዲያ አንዱ ቢቈይ አመሰገናችሁት፤ ሌላው ቢሄድ አልነቀፋችሁትም፤ ፍርዳችሁ የት አለ?» ይለን ይሆናል። መልሳችን እንዲህ ነው። ዳንከን ለሞቱት እናቱ የገባውን ቃል ጠበቀ፤ ሄይውድ በሕይወት ያሉትን እናቱን ከድካም አወጣ። ሁለቱም የወሰኑት ባለዕዳ የሆኑለትን ሰው ተመልክተው ነው። ስለዚህ ነቀፋ የሚገባው መሄዱ ወይም መቈየቱ አይደለም፤ ባለዕዳነቱን የረሳ መሄድና ባለዕዳነቱን የረሳ መቈየት ነው።

የረሳ መቈየት የምንለው ምን እንደሆነ እንግለጽ። በ2014 የወጣ የምርመራ ሪፖርት፣ በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ በ18 ዓመት ጊዜ ውስጥ ከ3,000 በላይ ተማሪዎች፣ ከእነርሱም ግማሽ ያህሉ ስፖርተኞች፣ መምህር በማያስተምራቸው የስም ኮርሶች ውጤት ይሰጣቸው እንደነበር ገልጧል። እነዚህ ወጣቶች በመዝገብ ላይ ተማሪዎች ነበሩ፤ የተሰጣቸው ግን ወረቀት እንጂ ዕውቀት አልነበረም። ከዚህ የበለጠ ስርቆት ምን አለ? የተሰረቀው ገንዘብ ቢሆን ይመለሳል፤ የተሰረቀ የወጣትነት ዓመት ግን አይመለስም።

በአገራችን የቅኔ ቤት፣ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃናን መቍጠር የጀመረ ተማሪ እስከ መወድስ ሳይደርስ ቢወጣ «ቅኔ ዐውቃለሁ» ለማለት አይደፍርም ነበር። ነገር ግን መምህሩ በግድ አያስቀረውም፤ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ኮቸሮውን ለምኖ፣ ይበልጣል ወደተባለው መምህር አገር አቋርጦ ይሄዳል። መሄዱን ነውር ያላደረገው የሚሄደው ዕውቀትን ፍለጋ መሆኑ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የኮሌጅ ተጫዋቾችም ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው በየዓመቱ ሲዛወሩ እናያለን፤ ብዙዎቹ ግን የሚፈልጉት የተሻለውን መምህር ሳይሆን የተሻለውን ክፍያ ነው።

ይህንንም ያመጣው የጊዜው ለውጥ ነው። ከጁላይ 2021 ጀምሮ የኮሌጅ ስፖርተኞች ከስማቸውና ከምስላቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል፤ በጁን 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነትም እያንዳንዱ ኮሌጅ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቹ ሊያካፍል እንደሚችል ወስኗል። በ2025 ኮሌጅን ቀድመው ለመልቀቅ ስማቸውን ያስመዘገቡት ቍጥር ከቀደሙት ዓመታት እጅግ ዝቅ ማለቱም ከዚህ የተነሣ ነው። ደክመው ያስገኙትን ገቢ መካፈላቸው ፍትሕ ነውና አንቃወመውም። ነገር ግን ጥያቄው መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ቀድሞ ገበያው ከትምህርት ቤቱ ደጅ ቆሞ ወጣቱን ይጠራው ነበር፤ አሁን ገብቶ ከአጠገቡ ተቀምጧል። ስለዚህ «ልጄ ከኮሌጅ አልወጣም» ብሎ የሚጽናና ወላጅ ልጁ በእርግጥ መጽሐፍ ይገልጥ እንደሆነ ደግሞ ይጠይቅ።

«ቢሄድስ በኋላ ይመለስ የለምን?» የሚሉም አሉ። እውነት ነው፤ ሻኪል ኦኒል በ1992 ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲን ከሦስት ዓመት በኋላ ትቶ ሄደ፤ ለእናቱ በገባው ቃል መሠረት በዲሴምበር 2000 ከአሠልጣኙ ከፊል ጃክሰን ፈቃድ ተቀብሎ፣ ከአንድ ጨዋታም ቀርቶ ዲግሪውን ተቀበለ። በ2012 ደግሞ በትምህርት ዘርፍ ዶክተር ተባለ። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም ሚሊዮኖች ላሉት ሰው መመለስ አንድ ነገር ነው፤ ውሉ ፈርሶ፣ ነፃ የትምህርት ዕድሉ አልፎ፣ ምናልባትም ልጅ ወልዶ በ25 ዓመቱ ለሚመለሰው ወጣት ደግሞ ሌላ ነው። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለውም ለእንዲህ ያለው ነው።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ልጅ በቤቱ ያለው ወላጅ ሦስት ነገር ይጠይቅ ዘንድ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ልጁ የሚወስነው ስለ ማን ብሎ ነው? የእናቱን ድካም አይቶ ነውን? ወይስ የሰዎችን ጭብጨባ ሰምቶ? ሁለተኛ፣ እውነቱን የነገረው ማን ነው? የተጫዋች ወኪል ከውሉ ደመወዝ ቢበዛ ከመቶ 4 ያገኛል፤ እንግዲህ «ሂድ» በማለቱ የሚጠቀም መካሪ ነው። ሊጉ በበኩሉ ከክለቦች ኃላፊዎች የተውጣጣ ኮሚቴ አለው፤ ወጣቱ ቢጠይቅ በየትኛው ዙር ሊመረጥ እንደሚችል ግምቱን ይነግረዋል። እስከ ተወሰነለት ቀን ድረስም ስሙን ከምርጫው አንሥቶ ወደ ትምህርቱ ሊመለስ ይችላል። ጠይቆ የተረዳ ሰው ቢሄድም አልተታለለም። ሦስተኛ፣ ኳሱ ቢቀር ምን ይቀራል? እጅግ የታደለው እንኳ በ40 ዓመቱ ገደማ ከሜዳ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ በተፈጥሮ ሥርዓት ገና 30 ወይም 40 ዓመት ይኖራል። በእነዚያ ዓመታት የሚያነበው፣ የሚያስበውና ልጆቹን የሚመክረው ሰው የሚሠራው አሁን ነው።

በመጨረሻም ለራሳችን ለወላጆች አንድ ቃል እንጨምር። በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያና በሆቴል ሌሊቱን ሙሉ ሠርተን ልጆቻችንን ማሳደጋችን እውነት ነው። ነገር ግን ድካማችን በልጁ አንገት ላይ የሚንጠለጠል የዕዳ ደብዳቤ መሆን የለበትም። «የእገሌ ልጅ ዶክተር ሆነ» እየተባለ በሚወራበት ማኅበር መካከል እንዳናፍር ብለን በትምህርት ቤት የምናስቀረው ልጅ፣ ገንዘቡን ጓጕተን ከምናስወጣው ልጅ ብዙ አይለይም፤ በሁለቱም ላይ የፈረድነው ለራሳችን ብለን ነውና። ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው ውሳኔው የእርሱ ነው። የእኛ ድርሻ አስቀድሞ በቤታችን ቃልን መጠበቅ ምን እንደሆነ በኑሯችን ማሳየት፣ ሲጠይቀንም እውነቱን ሳንሸፋፍን መንገር ነው። ይህን አድርገን ልጁ ቢቈይ ደስ ይበለን፤ ቢሄድም መርቀን እንሸኘው፤ መጻሕፍቱንም በክፍሉ ሳንነካ እናቈይለት።