የጠቋሚ ዕዳ

አንድ እንግዳ ሰው አል-ጣኢፍ ገብቶ የአንዱን ሐበሻ ቤት ቢጠይቅ፣ መንገዱን የሚያሳየው ሰው ቤቱን አልሠራውም፤ ነዋሪውንም አያዝበትም። ጣቱን ቀሰረ እንጂ ሌላ ያደረገው ነገር የለም። ሆኖም ጠያቂው ከአገር ቤት የመጣ ዘመድ ሲሆንና የካሻ ፖሊስ ሲሆን የዚያ ጣት ሥራ አንድ አይደለም። የካርቱም ሐበሻ ይህን ለመረዳት ፍልስፍና አላስፈለገውም። ለመሆኑ ያመላከተ ሰው ለተመላከተው ነገር ተጠያቂ ነውን?

ጥያቄው በዩዝኔት ሰበብ ፍርድ ቤት ደርሷል። ዩዝኔት በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካው ዱክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የታሰበ፣ ድረ ገጽ ከመፈጠሩ በፊት የነበረ የመልእክት መረብ ነው። አዛዥ ማዕከል የለውም፤ አንዱ ሰርቨር የተቀበለውን ለሌላው ያቀብላል። የተሠራው ለጽሑፍ በመሆኑ ትልቅ ፋይል የሚልክ ሰው ቆራርጦ ይልከዋል፤ ቁራጮቹም አንዳንዴ ብዙ ሺህ ናቸው። የእያንዳንዱን መለያ የሚዘረዝር ማውጫ ከሌለ መልሶ መግጠሙ እጅግ አድካሚ ነው። ኒውዝቢን የተባለው የብሪታንያ ድርጅት ኤንዜቢ የተሰኘውን የማውጫ ፋይል ፈጠረ። ርእስ እየሰጡ፣ በዓይነት በዓይነቱ እየለዩ ማውጫውን ያደራጁ የነበሩት ግን በፈቃዳቸው የሚሠሩ አርታኢዎች ናቸው።

የፊልም ኩባንያዎች በለንደን በድርጅቱ ላይ የመሠረቱት ክስ በ2010 ታየ። መከራከሪያው፣ በእጃችን ፊልም የለም፣ ያለበትን ብቻ ጠቆምን የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም፤ ድርጅቱ አርታኢዎቹ ፊልሞችን እንዲያካትቱ ያበረታታ ነበርና። በስሙ የተተካው ኒውዝቢን 2ም በ2012 ተዘጋ። ፍርዱ ለባለሀብት ያደላ ነው ማለት ይቻል ይሆናል። መከራከሪያው ግን ደካማ ነበር። ማውጫው ያን ያህል የተፈለገው ያለ እርሱ ቁራጮቹ ገለባ ስለሆኑ ነው፤ እንዲህ የሚጠቅም ሥራ በተጠያቂነት ጊዜ ብቻ ከንቱ ሊባል አይችልም።

ይህ ሚዛን ከተያዘ ምስጋናንም መመዘን አለበት። ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሡ፤ ቁጥራቸውም ከ9,000 በላይ ደረሰ። ቅጂው በአሜሪካ ሚነሶታ፣ ኮሌጅቪል ተቀመጠ። ፊልም ማንሣቱ ትልቅ ሥራ ቢሆንም፣ አንድ ጥቅል ውስጥ የማን ድርሳን፣ በማን እጅ የተጻፈ መሆኑን ካልነገሩት ተመራማሪው ምን ያደርግበታል? ይህን ከተናገሩት ዋነኛው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 በጥይት ቆስለው በተሽከርካሪ ወንበር የቀሩት እኚህ ሊቅ በ1976 ኮሌጅቪል ገብተው፣ ዊልያም ማኮምበር የጀመሩትን ካታሎግ እስከ ዐሥረኛው ቅጽ አደረሱት። ዐሥሩ ቅጾች የሚሸፍኑት የመጀመሪያዎቹን 5,000 ነው፤ የተቀሩት ፊልማቸው እያለ ያን የመሰለ የታተመ ማውጫ ሳያገኙ ቆዩ።

እዚህም ጣቱ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። ውድ መጽሐፍ በየትኛው ደብር እንዳለ ማሳተም ለሌባም ካርታ መስጠት ነው፤ ይህን ሥጋት የሚያነሡ ካህናት ቢኖሩ ፈሪዎች ሊባሉ አይገባም። ነገር ግን ያልተመዘገበ ብራና ከዕቃ ቤት ቢወጣ የጎደለው መጽሐፍ ይህ ነው ብሎ ለማስረዳት ያስቸግራል። የተመዘገበው በባሕር ማዶ ጨረታ ላይ ቢገኝ ግን፣ ፊልሙን ከካታሎጉ ጋር አስተያይቶ የደብሩን ስም መጥራት ይቻላል።