«አላየሁም» ስለምትለው ቃል

ሰው ባላየው ነገር ይጠየቃልን? ጥያቄው አዲስ አይደለም። በየችሎቱና በየሽምግልናው፣ በየቤቱም ቡና ላይ ሲነሣ የኖረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው መልስም «አይጠየቅም» የሚል ነው፤ ያላየውን ሊያስብለት፣ ያልሰማውንም ሊደርስለት አይችልምና። ነገር ግን ሰውየው ነገሩን ያላየው አስቀድሞ መጋረጃውን በገዛ እጁ ስለ ጋረደ ቢሆንስ? ያን ጊዜ «አላየሁም» የምትለው ቃል ምስክርነት ናት ወይስ ማምለጫ? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው እጅግ አነስተኛ በምትመስል ሥፍራ፣ ማለትም በኮምፒዩተር ገጽ ግርጌ፣ ሰዓቱ ከሚነበብባት ጥግ ላይ ነው።

ለጥያቄው መነሻ የሆነኝ ነገር እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት የአንድ ተውኔት ሦስተኛ ገቢር አልገፋ ብሎኝ ነበር። አንድ ዐረፍተ ነገር ጽፌ ቀና ስል ዐይኔ በቀጥታ ወደዚያች ጥግ ይሄዳል። በዚያ የደብዳቤው ፕሮግራም ምልክት ቀይ ነጥብ ለብሶ ይጠብቀኛል፤ የጸረ ቫይረሱ ምልክት ዕድሳት ይጠይቀኛል፤ የማላስታውሰው ሌላ ፕሮግራምም «አለሁ» ይለኛል። አንድ ምሽት ተመረርሁና ምልክቶቹን በሙሉ ሰወርኋቸው፤ ብቅ እያሉ የሚጠፉትን ማሳወቂያዎችም ዘጋሁ። የእጅ ስልኬ እንደሆነ ከጥሪ በቀር ሌላ ሥራ አያውቅም። ጥጉ ጸዳ፤ ገቢሩም ተጻፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን ደብዳቤዎቼን ስከፍት ከቀድሞ ተማሪዎቼ የአንዱን መልእክት አገኘሁ። ለአንድ የተዋንያን ሥልጠና የድጋፍ ደብዳቤ እንድጽፍለት ይለምነኛል። የማመልከቻው ቀን ካለፈ አራት ቀን ሆኖታል። ስደውልለት፣ «ጋሼ፣ ሥራ ይዘው ይሆናል ብዬ ደግሜ ላስቸግርዎ አልደፈርሁም» አለኝ። እኔም «አላየሁትም፣ ወንድሜ» አልሁት። ቃሉ ሐሰት አልነበረም። ሆኖም ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እውነትነቱ ሊያጽናናኝ አልቻለም።

ፍርድ ከመስጠት በፊት ግን ለመሰወር ተግባር ጠበቃ ሊቆምለት ይገባል። ይህች ጥግ ወደ ሕዝብ የቀረበችው እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 1995 ማይክሮሶፍት «ዊንዶውስ 95» የተባለውን ሥርዓት ሲያወጣ፣ ታስክባር ከሚባለው የገጽ ግርጌ መስመር ጋር ነው። ዓላማዋ መልካም ነበር፤ ሰው ሥራውን ሳያቋርጥ ባትሪው ምን ያህል እንደቀረው፣ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ በጨረፍታ እንዲያውቅ ታስቦ ነው። ዳሩ ግን ብዙ ሳይቆይ እያንዳንዱ ፕሮግራም ሠሪ የራሱን ምልክት እዚያ መትከል ጀመረ። የሚነገር ያለውም የሌለውም ተሰለፈ። ማስታወቂያ የሚነገርባት ሥፍራ ስም የሚለጠፍባት ግድግዳ ሆነች። በ2001 የወጣው «ዊንዶውስ ኤክስፒ» ብዙ ጊዜ ያልተነኩትን ምልክቶች በራሱ መሰወር የጀመረው ከዚህ የተነሣ ነው። በ2009 የወጣው «ዊንዶውስ 7» ደግሞ ከዚያ አልፎ ሄደ። አዲስ ምልክት ሲመጣ ጥቂት ጊዜ ታይቶ፣ ወደ ላይ ከምታመለክት ትንሽ ቀስት በስተጀርባ እንዲቀመጥ ተደረገ። ከዚያ አውጥቶ ዘወትር እንዲታይ የማድረግ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚው ብቻ ነው። ፕሮግራሙ ራሱን በራሱ ወደ ፊት የሚያወጣበት መንገድ ሆን ተብሎ አልተሰጠውም።

ምክንያቱን ለመረዳት አያዳግትም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» እንዲሉ፣ እያንዳንዱ ፕሮግራም ስለ ራሱ አስፈላጊነት ቢጠየቅ መልሱ አንድና አንድ ነው። በተውኔት መድረክ የሠራ ሰው ይህን ያውቃል። ሁሉም ተዋናይ ከመብራቱ ሥር ልቁም ቢል ተመልካቹ ማንንም አያይም። ስለዚህ ማን ወደ ፊት እንደሚወጣና ማን ከመጋረጃው ጀርባ ተራውን እንደሚጠብቅ የሚወስን አዘጋጅ ያስፈልጋል። የኮምፒዩተሩ ሠሪዎች ይህን ቦታ ለተጠቃሚው ሰጡት። አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ሥልጣኑ ወደ እኔ ሲዛወር ኃላፊነቱም አብሮ ተዛውሯል። ያለ እኔ ፈቃድ ቢሰወርብኝ ኖሮ «አላየሁም» ማለት በቂ ምክንያት በሆነ ነበር። ምርጫው የእኔ ከሆነ በኋላ ግን አለማየቴ የደረሰብኝ ነገር ሳይሆን ያደረግሁት ነገር ነው።

ታዲያ መሰወር ጥፋት ነውን? አይደለም። አሜሪካዊው ሊቅ ኸርበርት ሳይመን በ1971 እንዳስገነዘበው፣ መረጃ በበዛ ቁጥር መረጃው የሚበላው የተቀባዩ ትኩረት እያነሰ ይሄዳል። ትኩረት እንደ እህል የሚያልቅ ሀብት ከሆነ፣ ለጠራው ሁሉ የሚበትነው ሰው ለሚገባው ሲፈለግ ባዶ እጁን ይገኛል። ሦስተኛው ገቢርም መብት ነበረው።

ነገር ግን ጸጥታ ሁለት ዓይነት ነው። በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማእከል ይሠሩ የነበሩት ማርክ ዋይዘርና ጆን ሲሊ ብራውን በ1995 ጸጥ ስላለ ቴክኖሎጂ ሲጽፉ አንድ የኪነ ጥበብ ሥራ በምሳሌነት አቅርበዋል። ሠዓሊዋ ናታሊ ጀረሚጀንኮ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የሚረዝም የፕላስቲክ ገመድ ከጣሪያ ላይ ካለ ትንሽ ሞተር ጋር አንጠልጥላ፣ ሞተሩን ኮምፒዩተሮችን ከሚያገናኘው ሽቦ ጋር አያያዘችው። በሽቦው የሚያልፈው መረጃ ሲያንስ ገመዱ አልፎ አልፎ ንቅንቅ ይላል፤ ሲበዛ እየተሽከረከረ ድምፅ ያሰማል። በኮሪደሩ የሚያልፈው ሰው ትኩር ብሎ አይመለከተውም፤ ነገር ግን ያውቀዋል። ይህ ጸጥታ ከዐይን ጠርዝ ላይ ያለውን ነገር ሳያጠፋ ጠርዝ ላይ የሚያቆይ ነው። የእኔ ጸጥታ ግን ጠርዙን ራሱን ቆርጦ የጣለ ነበር።

እዚህ ላይ ሦስት የሚመሳሰሉ ተግባራትን መለየት ያሻል፤ እነዚህም ምልክትን መሰወር፣ ፕሮግራሙን ዝም ማሰኘትና ፕሮግራሙን መዝጋት ናቸው። ምልክቱ የተሰወረ ፕሮግራም ወደ ቤቱ አልሄደም። ከመጋረጃው ጀርባ እንደቆመ ተዋናይ እዚያው አለ፤ የኮምፒዩተሩን ማስታወሻ ይይዛል፤ ደብዳቤም ይቀበላል። በ«ዊንዶውስ 7» ለእያንዳንዱ ምልክት የቀረቡት ምርጫዎች ይህን ልዩነት በግልጽ ያሳዩ ነበር፤ ምልክቱም ማሳወቂያውም ይታይ፤ ሁለቱም ይሰወሩ፤ ወይም ማሳወቂያው ብቻ ይታይ። የመጨረሻው ምርጫ «ፊትህን ዘወትር አላይም፤ ነገር ካለህ ግን በሬ ክፍት ነው» እንደማለት ነው። ፕሮግራሙን መዝጋትም የራሱ ቅንነት አለው፤ «ከአንተ ጋር ጉዳይ የለኝም» ይላልና። እኔ የመረጥሁት ግን ከሁሉም የሚከፋውን ነበር። ደብዳቤው ወደ ቤቴ እንዲገባ ፈቀድሁ፤ መግባቱን ግን እንዳላውቅ አደረግሁ። ላኪው ከእኔ ዘንድ እንደደረሰ ያስባል፤ እኔ ደግሞ ምንም እንዳልደረሰኝ ሰው ሰላም አገኛለሁ። የእኔ ሰላም የተገዛው በእርሱ መጠበቅ ነው።

«መልእክት የላከ ሁሉ ግዴታ ሊጥልብኝ አይችልም» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ትክክል ነው። የተማሪው ጥያቄ ክብደት ያገኘው ምልክቱ ቀይ ስለነበረ አይደለም፤ አስተማሪው ስለነበርሁ ነው። ችግሩ ቀዩ ነጥብ ይህን የማያውቅ መሆኑ ነው። የሸቀጥ ማስታወቂያና የሰው ልመና በእርሱ ዘንድ አንድ ልብስ ይለብሳሉ። ስለዚህ ሁሉን መሰወርም ሁሉን መግለጥም ከፍርድ የመሸሽ ሁለት መንገዶች ናቸው። ሁሉን የገለጠ ሰው ፍርዱን ለጩኸት አሳልፎ ይሰጣል፤ ሁሉን የሰወረ ደግሞ ለመርሳት። የሚያስፈልገው አሰልቺው ሥራ ነው፤ ምልክቶቹን አንድ በአንድ እያነሡ «ከዚህኛው በስተጀርባ ማን ቆሟል?» ብሎ መጠየቅ።

እኔም ጠየቅሁ። ኪይማን የተባለው፣ በአማርኛ የምጽፍበት ፕሮግራም ምልክት ዘወትር እንዲታይ አደረግሁ፤ ፊደሉ ግእዝ ይሁን ላቲን ሳላውቅ ግማሽ ገጽ መጻፍ ምን እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። ባትሪውና የጽሑፎቼ መጠባበቂያ ቅጂም እንዲሁ ይታያሉ። ጉዳይ የሌለኝን ፕሮግራሞች ከነጭራሹ ዘጋሁ። የደብዳቤው ምልክት እንደተሰወረ ነው፤ ነገር ግን እኩለ ቀንና ማታ ያችን ትንሽ ቀስት እጫናለሁ። የሰወርሁትን የመጎብኘት ግዴታ አለብኝ፤ በሩን የዘጋ ዘበኛ ዙሩን ከተወ የጠበቀው እንቅልፉን ብቻ ነውና።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ለተማሪዬ ዳግመኛ ደወልሁና፣ «ያን ዕለት አላየሁትም ያልሁህ ልክ አልነበረም፤ እንዳላይ አድርጌ ነበር» አልሁት። ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም፣ «የሚቀጥለው ምዝገባ መጋቢት ላይ ነው፣ ጋሼ» አለኝ። ደብዳቤውን በዚያው ምሽት ጻፍሁለት።